ሸክላ የሚያጥበው ድምፅ

አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ አዳማ ከተማ አቶ አጥናፍሰገድ ሳሎን ተሰብስበን ሸክላ ሲታጠብ እናይ ነበር። ሸክላ ስል የሙዚቃውን ማለቴ ነው፤ ድስቱንማ ማንም ያጥበዋል።

አቶ አጥናፍሰገድ ከውጭ አገር ማሽን አስመጥተዋል። የቡትስ ጫማ ካርቶን የምታህል የብረት ገንዳ ናት። ውስጧ ለመኪና ባትሪ የሚገዛው የተጣራ ውሃ ይጨመራል። ሸክላው መሐሉን በዘንግ ተወግቶ፣ ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ፣ እንደ ዶሮ አሮስቶ ቀስ እያለ ይዞራል። ሳሙና የለ፣ ብሩሽ የለ። የሚያጥበው ድምፅ ነው። ድምፁ ውሃውን ሲያንቀጠቅጠው ዓይን የማያየው አረፋ ይፈነዳና ከሸክላው መስመር ውስጥ የዘመናት አቧራ ይነቅላል። ይህን ሁሉ ያስረዱን እሳቸው ናቸው። እኔ የምችለው አንገት መነቅነቅ ነው፤ ለዚሁም ሲባል የፊት ወንበር ተሰጥቶኛል።

ስለ አቶ አጥናፍሰገድ አንድ ነገር መመስከር ይገባኛል። ለማጠቢያ አምስት ሳንቲም አይቀበሉም። የሚፈልጉት ምስጋና ነው። ምስጋና ሲባል ግን ሰዉ እንደለመደው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሸክላን ብብት ሥር አድርጎ መውጣት አይደለም። ባለሸክላው ይቆማል፣ ኮፍያ ካለው ያወልቃል፣ ከዚያም «እስከ ዛሬ ሙዚቃ ሰማሁ ብዬ ቆሻሻ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ጆሮዬን የከፈቱልኝ አቶ አጥናፍሰገድ ናቸው» ይላል። ድምፁም ጓዳ ድረስ መሰማት አለበት፤ ባለቤታቸው ጓዳ ናቸውና። ባለፈው ሳምንት አንድ ጡረተኛ መምህር ድምፃቸው ስለሰለለ እንዲደግሙት ተደርጓል። ይህን ያላለ ሰው ሸክላው መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ምስጋናው የከበዳቸው ሰዎች ሸክላ አሁን ሁለት መደርደሪያ ሞልቷል። ሁሉም ንጹሕ ነው።

የዚያን ቀን ተረኛው ቦጋለ ነበር፣ የድሮው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር። በማግስቱ ልጁን ቤዛዊትን ይድራል። ያመጣው ሸክላ እሱና ባለቤቱ በተጋቡ ዕለት የጨፈሩበት ነው። ባለቤቱም «ያ ሸክላ ካልተዘፈነ እኔ ከወንበሬ አልነሣም» ብላለች። የሙሽሪት እናት ከወንበሯ ያልተነሣችበት ሠርግ ደግሞ ለቅሶ ነው። ክፋቱ፣ ቦጋለ ብቻውን አልመጣም። የሙሽራው አባት አቶ ደርበው «ዘፈኑን አብረን እንስማው» ብለው ተከትለውት፣ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ነገ በሚዛመዱት ሰው ፊት ቆሞ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ ልጄ ያደገችበት ቤት ቆሻሻ ሲሰማበት የኖረ ነው ማለት ምን እንደሆነ ሴት ልጅ የዳረ ያውቀዋል።

ሸክላው ታጥቦ ወጣ። አቶ አጥናፍሰገድ በለስላሳ ጨርቅ አደረቁትና ወደ መስኮቱ አንሥተው አሳዩን። ፊት ያሳያል።

«እህ፣ ቦጋለ» አሉ። «ተነሥ እንግዲህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ውለታዎን አልረሳም» አለ ቦጋለ፣ እንደተቀመጠ እጁን ዘርግቶ።

«ይሄማ ጉሊት ቲማቲም ሲመረቅልህ የምትለው ነው። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ።»

«ሥርዓቱ እንኳ ሠርጉ ይለፍና...»

«ሸክላውም ሠርጉ ሲያልፍ ይደርስሃላ።»

አቶ ደርበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምን ዓይነት ሥርዓት ነው? ዘፋኙን ነው የምናመሰግነው?»

«ዘፋኙማ የድርሻውን ሠርቷል» አሉ አቶ አጥናፍሰገድ። «የእሱን አቧራ ያራገፈው ማነው?»

አቶ ደርበው ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ነገሩ ከባድ መሆኑን ለማስረዳት አንገቴን ነቀነቅሁ።

ቦጋለ ማሽኑን አየት አደረገ። «ጋሼ፣ ሳልነሣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቅድም የሰማነው ጉርምርምታ ነው ሸክላዬን ያጠበው?»

አቶ አጥናፍሰገድ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣላቸው ምሳ እንኳ ይረሳሉ። «እሱ የሞተሩ ጩኸት ነው፤ እሱንማ ፍየልም ይሰማዋል። የሚያጥበው ድምፅ ከሰው ጆሮ በላይ ነው። ረቂቅ ነው።»

«የማይሰማ ከሆነ ታዲያ መሥራቱን በምን ያውቃሉ?»

«እናንተ አትሰሙትም አልኩ እንጂ እኔ አልሰማውም አልኩ?» ጆሯቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ይሄ ጆሮ ዕድሜውን ሙዚቃ ላይ የጨረሰ ነው። ሲጀምር እሰማዋለሁ፣ ሲያበቃ እሰማዋለሁ። አንዳንዴ እንዲያውም ይረብሸኛል።»

አንገቴን ነቀነቅሁ። እኔንም አንዳንዴ ይረብሸኛል።

«እንዲያ ከሆነማ» አለና ቦጋለ ብድግ አለ። ኮፍያውን አወለቀ። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጉንጩ ይሞላል፣ ቅንድቡ ይወጣል ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይማ ሆድ ብሶት ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። ድምፅ ግን የለም።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ ወይዘሮዋ ከጓዳ።

ቦጋለ በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ኮፍያውን አጠለቀና ሸክላውን ለመቀበል ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ምን መሆንህ ነው?» አሉ አቶ አጥናፍሰገድ።

«አመሰገንኩ።»

«መቼ? ማን ሰማህ?»

«እነዚህማ አይሰሙም ጋሼ፣ አይፈረድባቸውም» አለ ቦጋለ፣ እኔንና አቶ ደርበውን በአገጩ እያሳየ። «ሸክላዬን በረቂቁ ድምፅ አጥበውልኝ፣ እኔ ፍየል በሚሰማው ድምፅ ባመሰግንዎ ነውር ነው። ስለዚህ በዚያው በረቂቁ አመሰገንኩ። ካልሰሙኝ ይንገሩኝ። ማሽኑንም እንደማይሰሙት እናውቅና በተራው ድምፅ እደግመዋለሁ።»

አቶ አጥናፍሰገድ ሸክላውን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ የጓዳውን በር አዩ። አቶ ደርበው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞረዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

አቶ አጥናፍሰገድ ሸክላውን በካርቶን ልባሱ ከተው ለቦጋለ አቀበሉት።

«ሰምቼሃለሁ» አሉ። «መግቢያው ላይ ትንሽ ፈጠንክ እንጂ ደህና ነው።»

እኔ ግን በዚህ አልስማማም። መግቢያው ደህና ነበር፤ የተንዛዛው መጨረሻው ነው።