ስድስት መቶው ደህና ሰዎች

አንድ ስመ ጥር የአእምሮ ሕክምና ተመራማሪ ስለ አንዲት ወረዳ ያጠኑት ጥናት በመጽሐፍ ታትሞ ወጣላቸውና ውጤቱን ለሕዝቡ ሊያበስሩ መጡ። ያን ዕለት ጥርሳቸውን ሲያማቸው አድሮ ግራ ጉንጫቸው እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ነበር። የወረዳው አስተዳዳሪም ጥርስ ሐኪም አስጠርተው ስብሰባው እስኪያልቅ ደጅ አስቀመጡላቸው።

ተመራማሪው መጽሐፋቸውን ከፍ አድርገው፣ "ስድስት መቶ ሰው 'እንዴት ናችሁ?' ብለን ጠየቅን። ጭንቀት አለብኝ ያለ አንድም አልተገኘም! ስለዚህ እዚህ ያለችው የአእምሮ ጤና ነርስ ወደ ሌላ ወረዳ ትዛወራለች" አሉ።

አንዲት ጌሾ ሻጭ ከኋላ ተነሣች። "ጌታዬ፣ ነርሷን አይውሰዱብን። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ እህል የቀመስኩት በእሷ ነው።"

"አንቺንስ ጠይቀንሽ አልነበር?"

"ጠይቃችሁኛል።"

"ምን ብለሽ መለስሽ?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።"

ተመራማሪው ወደ ሕዝቡ ዞረው ፈገግ አሉ። "እንግዲያው ወይ ያኔ ዋሽተሻል፣ ወይ አሁን እየዋሸሽ ነው። የቱ ነው?"

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ጠዋት በር ላይ 'እንዴት አደሩ?' ብዬዎት ነበር። ጉንጭዎን በእጅዎ ደግፈው 'ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን' አሉኝ። እርስዎ ዋሽተው ከሆነ እኔም ዋሽቻለሁ። አልዋሸሁም ካሉ ግን፣ ደጅ ጉጠቱን ይዞ የሚጠብቅዎትን ሐኪም ከነርሷ ጋር አሁኑኑ መኪና ላይ አሳፍረን እንሸኘው።"