ከአይሱዙ ላይ አልወርድ ያለው የደብሪቱ ጃንጥላ

«ተረት ተረት» ስል «የጉሊት ወረት» በሉኝ። ወረት ማለት ቲማቲም ገዝታችሁ፣ ሸጣችሁ፣ መልሳችሁ ቲማቲም የምትገዙበት ገንዘብ ነው። የደብሪቱን ወረት ደግሞ የሚበላባት ፀሐይ ነበር።

ደብሪቱ ሸዋ ሮቢት፣ መንገድ ዳር ቲማቲም ትሸጣለች። የሸዋ ሮቢትን ፀሐይ ለማያውቅ ላስረዳ። ጠዋት ጠንካራ የነበረ ቲማቲም ቀትር ላይ ወጥ ለመሆን ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው የሚጎድለው። የበሰበሰውን ትጥላለች፤ የጣለችው ደግሞ ሌላ ምንም ሳይሆን ትርፏ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ትልቅ የጉሊት ጃንጥላ። ከሽያጯ መጀመሪያ ለጃንጥላው ታነሳለች፣ ቀጥሎ ለነገው ቲማቲም ትለያለች፣ የቀረውን ቤት ይበላዋል። እንዲህ እያለች ብሩ ሞላላት።

አንድ ቀን ነጋዴው እንድሪስ አይሱዙ ሙሉ የቤት ዕቃ ጭኖ መጣ። ከጭነቱ አናት ላይ አንድ ትልቅ ጃንጥላ አለ። የመጨረሻው ነው።

«እንድሪስ ወንድሜ፣ አውርድልኝ» አለችው፣ በዋጋ ከተስማሙ በኋላ።

«ያለ ብር ጃንጥላ አላወርድም» አለ እንድሪስ። «ሹፌሩ ምሳ ላይ ነው። እጁን ሲታጠብ ወደ ኮምቦልቻ እንነሳለን። ከዚያ ወዲያ የኮምቦልቻ ሴቶች ይጠለሉበታል።»

ደብሪቱ ቲማቲሟን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች። ከአልጋው ሥር የብረት ሳጥኗን ጎትታ አወጣች።

«ሳጥኔ ሆይ፣ ብሬን አውጣ። እንድሪስ ያለ ብር ጃንጥላ አያወርድም፣ ያለ ጃንጥላ ቲማቲሜ አይድንም።»

«ያለ ቁልፍ ብር አላወጣም» አለ ሳጥኑ። «መቀነትሽ ላይ የቋጠርሽውን ብር ለፕላስቲክ አበባ የበተንሽው ማን ሆነሽ ነው? እኔ የተገዛሁት ከዚያ በኋላ አይደል?»

ቁልፉ ይርገዱ ዘንድ ነው። ይርገዱ በርበሬ ሻጭ ናት፤ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራዋለች።

«ይርገዱዬ፣ ቁልፌን ስጪኝ። ሳጥኑ ያለ ቁልፍ ብር አያወጣም፣ እንድሪስ ያለ ብር ጃንጥላ አያወርድም፣ ያለ ጃንጥላ ቲማቲሜ አይድንም።»

ይርገዱ በርበሬ በነካ እጇ ቁልፉን ከለለችው። «ያለ ማናዬ ቃል ቁልፍ አልሰጥም። ባለፈው አለቀስሽብኝ፣ አንጀቴን በላሽውና ሰጠሁሽ። ምን ገዛሽበት?»

«መጋረጃ።»

«ቤትሽ ስንት መስኮት አለው?»

ቤቷ መስኮት የለውም።

«‹ሁለተኛ ባለቅስ እንኳ፣ ማናዬ ስጫት ካላለች እንዳትሰጪኝ› ብለሽ ያስማልሽኝ አንቺው ነሽ። በይ ሂጂ፣ ከዚህ ይታየኛል፣ ሹፌሩ ገና እንጀራ እያስጨመረ ነው።»

ስልክ አልነበራትም ወይ ትሉ ይሆናል። ነበራት፤ ካርድ አልነበረውም። ካርድ በብር ነው፣ ብሩ ሳጥን ውስጥ ነው። ይህንንም እዚህ ውስጥ ካስገባሁት ግን አንጨርስም።

ማናዬ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ናት። ወፍጮው ይጮሃል፤ ደብሪቱም በሩ ላይ ቆማ ጮኸች።

«ማናዬ፣ ቃልሽን ስጪኝ። ይርገዱ ያለ ቃል ቁልፍ አትሰጥም፣ ሳጥኑ ያለ ቁልፍ ብር አያወጣም፣ እንድሪስ ያለ ብር ጃንጥላ አያወርድም፣ ያለ ጃንጥላ ቲማቲሜ አይድንም።»

«ምን?» አለች ማናዬ።

ደብሪቱ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ደገመችው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ መብራት ጠፋና ወፍጮው ጭጭ አለ። «ቲማቲሜ አይድንም» የሚለው ብቻ ለወረፋተኛው ሁሉ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ነፍስ ይማር» አለ አንድ ሰው ከወረፋው።

ማናዬ ዱቄቷን አራገፈች። «ያለ እትዬ ጥሩወርቅ ፈቃድ ቃል አልሰጥም። ባለፈው ‹እንዳንቺ ያለ ልባም ሴት አላየሁም› ብለሽ አሞኘሽኝ። ልባም ስባል አልችልም፣ ድክመቴ ነው። ባለወርቅ ጠርዝ ሳህን ገዛሽበት።»

«ለእንግዳ ነው የገዛሁት።»

«እንግዳው መጣ?»

«መንገድ ላይ ነው።»

«እንግዲያው እሱ እስኪደርስ እትዬ ጥሩወርቅ ጋ ደርሰሽ ነይ።»

እትዬ ጥሩወርቅ የሰፈሩ ዕቁብ ዳኛ ናቸው። በራቸው ላይ ተቀምጠው ጎረቤታቸው ዘሃራ ሹሩባ እየሠራቻቸው ነው፤ ጭንቅላታቸውን ጥፍር አድርጋ ይዛዋለችና መዞር አይችሉም። ደብሪቱ እያለከለከች ደረሰች።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይፍቀዱልኝ። ማናዬ ያለ ፈቃድ ቃል አትሰጥም፣ ይርገዱ ያለ ቃል ቁልፍ አትሰጥም፣ ሳጥኑ ያለ ቁልፍ ብር አያወጣም፣ እንድሪስ ያለ ብር ጃንጥላ አያወርድም፣ ያለ ጃንጥላ ቲማቲሜ አይድንም።»

«ማናት፣ ዘሃራ?»

«ደብሪቱ ናት።»

«አልቧታል?»

«ይንጠባጠባል።»

«ያለ ደረቅ ላብ አልፈቅድም» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ለግድግዳው። «‹ሮጬ የገዛሁት ነገር ሁሉ ጸጽቶኛል፣ እየሮጥኩ ከመጣሁ እንዳይፈቅዱልኝ› ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። ቁጭ በይና ይድረቅልሽ።»

ደብሪቱ ቁጭ አለች። ቀትር ነው፤ የጣሪያው ጥላ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚበቃው፣ ሁለቱ ደግሞ ቀድመው ይዘውታል። ላቡ ጭራሽ ባሰበት። ከመንገዱ በኩል እንድሪስ ሹፌሩን ለመጥራት የነፋው የአይሱዙው ጡሩምባ ተሰማ።

«ላቤ ሆይ፣ ድረቅልኝ» አለች ደብሪቱ በለሆሳስ። «እትዬ ጥሩወርቅ ያለ ደረቅ ላብ አይፈቅዱም፣ ማናዬ ያለ ፈቃድ ቃል አትሰጥም፣ ይርገዱ ያለ ቃል ቁልፍ አትሰጥም፣ ሳጥኑ ያለ ቁልፍ ብር አያወጣም፣ እንድሪስ ያለ ብር ጃንጥላ አያወርድም፣ ያለ ጃንጥላ ቲማቲሜ አይድንም።»

«ያለ ጥላ አልደርቅም» አለ ላቡ።

«ያለ ጥላ አልደርቅም አለኝ» አለች ደብሪቱ።

«ጥላ አምጪለታ» አለች ዘሃራ።

«ጥላው ያለ ጃንጥላ የለም። ጃንጥላው እንድሪስ ጋ ነው፣ እንድሪስ ያለ ብር አያወርድም፣ ሳጥኑ ያለ ቁልፍ ብር አያወጣም፣ ይርገዱ ያለ ቃል ቁልፍ አትሰጥም፣ ማናዬ ያለ ፈቃድ ቃል አትሰጥም፣ እትዬ ጥሩወርቅ ያለ ደረቅ ላብ አይፈቅዱም፣ ላቤ ያለ ጥላ አይደርቅም፣ ጥላው ያለ ጃንጥላ የለም፣ ጃንጥላው እንድሪስ ጋ ነው፣ እንድሪስ ያለ ብር...»

ዘሃራ በሳቅ እጇ ከዳትና የያዘችው ጉንጉን ተፈታ። እትዬ ጥሩወርቅ ነፃ በወጣ አንገታቸው ዞረው ደብሪቱን አዩአት።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን አበባ ሳታዪው በፊት ትፈልጊው ነበር?»

«ኧረ የለም። ሳየው ነው።»

«መጋረጃውንስ?»

«እሱንም ሳየው ነው።»

«ሳህኑን?»

«እሱንማ ዘሃራ ስትገዛ ሳያት ነው።»

«ጃንጥላውንስ?»

ደብሪቱ ትንፋሿ መለስ አለላት። «ጃንጥላውንማ ሳላየው ነው የፈለግሁት። የበሰበሰ ቲማቲም በጣልኩ ቁጥር፣ ዛሬ አንድ ጃንጥላ ቢኖረኝ ይኼ ለልጆቼ ዳቦ ነበር እላለሁ። ብሩንም ያጠራቀምኩት ለእሱ ነው።»

«ታዲያ ለጃንጥላ ብዬ ነው የማስቀምጠው ብለሽ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። ብርን መቆለፍ ግማሽ ሥራ ነው፤ «ለዚህ ጉዳይ ስመጣ ክፈቱልኝ» ማለት ሌላው ግማሽ ነው። ደብሪቱ «እንዳትሰጡኝ» የሚለውን ለሁሉም ተናግራ፣ «ለጃንጥላ ሲሆን ስጡኝ» የሚለውን ረስታው ነበር።

«እንግዲህ ላብሽ ባይደርቅም መስክሮልሻል» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ስልካቸውን እያወጡ። «ጥላ አጥቶ ያላበው ሰው ጥላ ይገዛል።»

እትዬ ጥሩወርቅ ለማናዬ ደውለው ፈቀዱ፤ መብራቱ ገና አልመጣምና ማናዬ ሰማች። ማናዬ ለይርገዱ ደውላ ቃሏን ሰጠች፣ ይርገዱ ቁልፉን ካንገቷ አወጣች፣ ቁልፉ ሳጥኑን ከፈተ፣ ሳጥኑ ብሩን አወጣ፣ ብሩ እንድሪስ እጅ ገባ፣ እንድሪስም ጃንጥላውን አወረደ፤ ሹፌሩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አንድ እግሩን መኪናው ላይ አድርጎ ነበር። ጃንጥላው ተዘረጋ፣ ጥላው ወደቀ፣ ላቡ ደረቀ፣ ቲማቲሙም ዳነ።

እንድሪስ ደብሪቱ እጅ ላይ የተረፈችውን መልስ አየና ከጭነቱ አንድ ባለ አበባ ፔርሙዝ መዘዘ። «እቴ፣ ይኼን ደግሞ በያዝሽው ልልቀቅልሽ። ይኼም የመጨረሻው ነው።»

ፔርሙዙ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል። ደብሪቱ እጇን ላከች፣ ነካችው፣ እጇን መልሳ ሰበሰበች።

«አይክፋህ» አለች፤ ለእንድሪስ ሳይሆን ለፔርሙዙ። «ገና አሁን መተዋወቃችን ነው።»

ተረቴን መልሱ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ላባችሁን አብሱ።