የአቶ ይሁኔ ምራቅ

አንዲት ሴት የሦስት ዓመት ልጇን በነጠላ ሸፍና ከሆስፒታል በር አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፀሐይ የለም። ነፋስ የለም። ታዲያ ነጠላው ለምንድን ነው?

በእኛ ምክንያት ነው፣ ወገኖቼ። እንዳታዩባት ነው። እኔም እንዳላይባት ነው።

የልጅቱ የላይኛው ከንፈር ከአፍንጫዋ ሥር ጀምሮ ለሁለት የተከፈለ ነው። እንዲሁ ሆና ተወለደች። ታሪኩን የነገረችኝ እናቲቱ ራሷ ናት፤ "ለሰው ይንገሩልኝ አባ፣ ስሜንም አይደብቁት" ብላኛለች። እናቲቱ እታፈራሁ ትባላለች። ልጅቱ ስመኝ።

እታፈራሁ የተከበሩ ገበሬ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ይሁኔ፣ መንደር ሲጣላ ለዕርቅ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰውን ሁሉ አስታርቀው ከገዛ ልጃቸው ጋር የተጣሉት በጋብቻ ነው። ስንሻው የሚባል ሸማኔ ወደደች። "ልጄን ለሸማኔ አልሰጥም" አሉ። እሷ ግን ልቧ ሄዷል። አገባችው።

ጓዟን ይዛ የወጣች ዕለት አቶ ይሁኔ ከደጃፋቸው ቆመው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ እንዲህ አሏት፤ "እኔን ሰው ፊት እንዳሳፈርሽኝ፣ የወለድሽው ሰው ፊት ያሳፍርሽ!"

ዓመት ሳይሞላ ስመኝ ተወለደች።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እታፈራሁ አዋላጇ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ስታሳያት ከንፈሯን በደንብ እንኳ አላየችውም። የአባቷን ድምፅ ነው የሰማችው። መንደሩም ጊዜ አልፈጀም። "የአባት እርግማን ነው" አለ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። መልሱ ታውቋላ!

ሕፃኗ ጡት መያዝ አቃታት። እናቷ እያለበች በማንኪያ አሳደገቻት። ሌላ ልጅ እየጠባ በደስታ የሚያሳልፈውን ጊዜ እሷ ጠብታ በጠብታ ገፋችው። እንግዳ ሲመጣ ስመኝ ጓዳ ትገባለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ፣ ከንፈር የሚሰፉ ሐኪሞች ከተማው ሆስፒታል እንደሚመጡ፣ ክፍያም እንደሌለው ነገረቻቸው። እታፈራሁ አመነታች። ስንሻው ግን "እኔ የተበጠሰ ክር እየቀጠልሁ አይደል የምኖረው? የተሰነጠቀም ይጋጠማል። ተነሺ" አላት።

እንግዲህ ያ አግዳሚ ወንበር ይህ ነው።

ከጎኗ አንዲት ሐኪም መጥታ ተቀመጠች። ዶክተር ሐረገወይን ትባላለች። ቀዶ ጥገናውን የምትሠራው እሷ አይደለችም፤ እሷ ሕፃናት እንዲህ ሆነው የሚወለዱበትን ምክንያት የምታጠና ናት።

"ከልጅሽ፣ ከአንቺና ከባለቤትሽ ትንሽ ምራቅ ብትሰጡን" አለቻት። "ከዘር የሚወርድ ነገር ካለ በምራቅ ውስጥ ይፈለጋል። አያቶች ካሉ ደግሞ የበለጠ ይጠቅመናል። ወላጆችሽ አሉ?"

"እናቴ ሞታለች። አባቴ አሉ።" ከዚያ እታፈራሁ አንገቷን ደፋች። "ዶክተር፣ በከንቱ ነው የምትደክሚው። ለምን እንደ ሆነ እኔ አውቀዋለሁ።" እርግማኑን ነገረቻት።

ዶክተሯ አልሳቀችም። አልተቆጣችም። "እኔ በዚህ ሥራ ስምንት ዓመቴ ነው" አለች። "በብዙ ልጆች ላይ ለምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንቺ ካወቅሽው እንግዲያው አባትሽን አምጪልኝና እሳቸውን ልጠይቃቸው።"

ስመኝ ተሰፋች። ቁስሉ ሲጠግግ እታፈራሁ ልጇን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ወጣች። አራት ዓመት ያልረገጠችው ደጅ ነው። አቶ ይሁኔ የበረቱን አጥር ሲያጠብቁ ደረሰች። ሲያዩአት በእጃቸው የያዙትን እንጨት ጣሉ። ምን እንደምትል መንገድ ሙሉ ስታሰላስል መጥታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። ከአፏ የወጣው ይህ ብቻ ነው፤

"አባባ፣ ሐኪሞች ምራቅዎን ይፈልጋሉ።"

"ምኔን?"

"ምራቅዎን።"

ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። "ከዚህ አፍ?" አሉ። "ይህ አፍ ያደረገውን ሳያውቁ ነው፣ ልጄ።" መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "በገበያ ቀን ስንት ጊዜ ከሩቅ አይቼሽ ተመልሻለሁ። ኩራት መስሎሻል። የልጅቱን ፊት ፈርቼ ነው። ያበላሸኋት እኔ ነኝ።"

ተመልከቱ! ልጅ "አባቴ አልማረኝም" ብላ ትጠብቃለች። አባት "ልጄ ፊት በምን ዓይኔ እቀርባለሁ" ብሎ ይሸሻል። ሁለቱም አራት ዓመት አለቀሱ፤ አንዱ ሌላውን አልሰማም።

በነጋታው ሆስፒታል ሄዱ። ዶክተር ሐረገወይን ትንሿን ብልቃጥ ሰጠቻቸው፤ እስከ መስመሩ ድረስ መሙላት ነበረባቸው። አቶ ይሁኔ ሞከሩ። እንደገና ሞከሩ። አፋቸው ኩበት ሆኖ ደርቋል።

"ልጄ" አሏት ዶክተሯን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "እርግማኑ ምራቄ ውስጥ ይታያል?"

"አይታይም አባቴ" አለች። "እርግማን የሚያሳይ መሣሪያ የለንም። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በእርስዎ ዘር፣ ከስመኝ በፊት፣ እንዲህ ሆኖ የተወለደ ሰው ያውቃሉ?"

ሽማግሌው ብልቃጡን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ፣ "የእኔ ታላቅ" አሉ። "እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻት ሴት ልጅ ነበረች። ከንፈሯ እንዲሁ ነበር። መጥባት አቅቷት በዘጠኝ ቀኗ ሞተች። በቤታችን አይነሳም ነበር። እናቴ ልትሞት ስትል ነው የነገረችኝ።"

"እሷንስ ማን ረግሟት ነበር?"

አቶ ይሁኔ ቀና አሉ። "ማንም" አሉ። "ኧረ ማንም! አባቴ እናቴን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት።" እንዲህ ሲሉ ራሳቸውን ሰሙት። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ለልጅ ልጃቸው አለቀሱ፤ ስሟ ላልወጣላት እህታቸው አለቀሱ፤ ዕድሜ ልኳን "ምን አድርጌ ይሆን?" እያለች ለሞተች እናታቸው አለቀሱ።

ከለቅሶው በኋላ የደረቀው አፋቸው ምራቅ አገኘ፤ ብልቃጡ ሞላ። አቶ ይሁኔ ስመኝን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የተሰፋውን ከንፈሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አዩት። ከዚያም አባቶቻችን እንደሚያደርጉት ግንባሯ ላይ "እንትፍ! እንትፍ! እደጊ፣ ተመንደጊ" ብለው መረቋት። ስመኝ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና "አረጠብከኝ!" ብላ ጮኸች። ዶክተሯም ሳቀች፣ እናትም ሳቀች።

ጥናቱስ? ምን ተገኘ? ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። ዶክተር ሐረገወይን እንዲህ አለችኝ፤ "ከዘር የሚመጣ አለ፤ ከምግብ ጉድለት፣ ከሕመም፣ ከመድኃኒት የሚመጣ አለ፤ ተደራርቦ የሚመጣም አለ። ከንፈር የሚገጥመው ገና በማኅፀን፣ ሁለተኛው ወር ሳይሞላ ነው፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ በቅጡ ሳያውቁ። የአቶ ይሁኔ ቤተሰብ ነገር ከዘር ይመስላል፤ ግን በሚወረሰው ዘር ውስጥ የቱ ቦታ ላይ እንደ ሆነ ገና አላገኘነውም። እየፈለግን ነው።"

አያችሁ? ስምንት ዓመት ያጠናችው "አላውቅም፣ እየፈለግሁ ነው" ትላለች። ምንም ያላጠናነው እኛ ግን "እናውቃለን" እንላለን። "እርግማን ነው።" "ኃጢአት ነው።" "የእናቷ ሥራ ነው።" ማን ነገረን? እግዚአብሔር ነገረን? ወይስ የጎረቤት ወሬ ነው?

ልናዘዝላችሁ። ስመኝን በሰማንያ ቀኗ ለክርስትና ሲያመጧት ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። ነጠላውን ገልጬ ፊቷን ሳይ ደነገጥሁ፤ እናቲቱን ወደ ጎን ወስጄ "ልጄ፣ ያልተናዘዝሽው ነገር አለ እንዴ?" አልኋት። ቃሌ ይህ ነበር። የወለደች፣ የደከመች፣ ሌሊት ከቀን በማንኪያ የምታጠባ ሴት እኔ ዘንድ ስትመጣ ያገኘችው ይህን ነው። ከአባቷ እርግማን ላይ የእኔን ጨመርሁበት። ኋላ ይቅር ብላኛለች፤ እኔ ግን ፊቷን ሳይ አሁንም አፍራለሁ።

እናንተስ? በሰፈራችሁ ጓዳ የምትገባ ልጅ የለችም? የታጠፈ እግር፣ የማይሰማ ጆሮ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚዘጋ በር የለም? አለ። ታውቁታላችሁ። የምታልፉበት መንገድ ላይ ነው። ከመካከላችሁ ደግሞ የዚያ በር ባለቤት የሆነች አለች፤ አሁን ስትሰማኝ አንገቷን ደፍታለች። እህቴ፣ ቀና በይ። እግዚአብሔር ልጅሽን ባንቺ ላይ የክስ ወረቀት አድርጎ አልላካትም። ወደ ሐኪም ውሰጃት። ሐኪም ሲጠይቅሽ ሳትፈሪ ንገሪው፤ የእናንተ መልስ ነገ ለሚወለደው ልጅ መንገድ ይከፍታል።

ሌሎቻችን ደግሞ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ያን በር እናንኳኳ። በሩን የምትከፍተውን እናት "ምን አድርገሽ ነው?" አትበሏት።

"ምን ላድርግልሽ?" በሏት።