ጅቡ የበላው የበር ቆዳ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ የሚነግዱበት ባለ አንድ ፎቅ የገበያ ሕንፃ ነበር። ባለቤቱ አያ አንበሳ ደረጃው አፍ ላይ የእሳት መከላከያ የብረት በር አስገጠመ። በሩ ሲለቁት ራሱ ይዘጋል፤ ጭስ እንዳያሾልክ ደግሞ ዳር ዳሩ በወፍራም ቆዳ ተለብጧል። በየወሩ እየመጣች የምትመረምረው እመት አህያ ነበረች።

ችግሩ፣ ፎቁ ላይ ከበሩ አጠገብ ሥጋ ቤት የከፈተው አያ ጅቦ ነው። ከጀርባው ሙሉ በግ ተሰቅሎ ዓይኑ የበሩ ቆዳ ላይ! መጀመሪያ አሸተተው። ቀጥሎ ላሰው። በሳምንቱ፣ ከታች ጀምሮ አፉ እስከደረሰበት ድረስ ቆዳ የሚባል አልቀረም።

የምርመራው ቀን ሲደርስ ጭንቅ ያዘውና ምድር ቤት ሳምቡሳ ወደምትጠብሰው ወደ እመት ቀበሮ ሮጠ።

«እመት ቀበሮ፣ ምን ይሻለኛል? አያ አንበሳ ከሱቄ ያባርረኛል!»

«ለዚህ ነው? በሩን ተደግፈህ ቁም። ፈገግም በል።»

«ፈገግታ ምን ይሠራል?»

«ለአህያ? ብዙ ይሠራል። ለምክሬ ግን አንድ ላት ታመጣለህ።»

አህያ ደረጃውን ስትወጣ ያ ሁሉ ጥርስ ተገልጦ ጠበቃት። እዚያው ደረጃው ላይ ቆመች።

«እንደምን ዋሉ አያ ጅቦ? በሩ... ደህና ነው?»

«ደህና ነው እመቴ! ቀረብ ብለው አያዩትም?»

«ኧረ ከዚህም ይታየኛል!» አለችና መዝገቧ ላይ «ታይቷል» ብላ ጽፋ ቁልቁል ነጎደች።

በማግስቱ የቀበሮ ዘይት ተቀጣጠለ። ጭሱ ደረጃውን ይዞ ሽቅብ ወጣ። ጅቦ ከልጆቹ ጋር ሱቁ ውስጥ ነበር፤ የብረቱ በርም እንደተዘጋ ነው፤ ጭሱ ግን በተበላው በኩል እየተግተለተለ ገባ። ልጆቹ ሳል በሳል ሆኑ።

«እመት አህያ! ይድረሱልኝ! ቆዳውን በልቼዋለሁ!»

አህያ እሳቱን ሰምታ መጥታ ከታች ውሃ እያመላለሰች ነበር። «እንግዲያው የበሉትን ቆዳ በቆዳዎ ይተኩ! ጀርባዎን ለጥፈው ይቁሙ!» ብላ ጮኸች።

ጅቦ ጀርባውን ክፍተቱ ላይ ለጥፎ እሳቱ እስኪጠፋ ንቅንቅ ሳይል ቆመ። ልጆቹ ተረፉ፤ የጀርባው ጠጉር ግን ተለበለበ።

አህያ ወጥታ ስታየው አፈረች። «አያ ጅቦ፣ ትናንት የፈራሁት ጥርስዎን ነው። መፍራት የነበረብኝ በጥርስዎ ያለፈውን ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አህያ በሩን ዳር እስከ ዳር በአፍንጫዋ ሳትነካ አትጽፍም። አዲሱን ቆዳ የሚጠብቀው ጅቦ ራሱ ነው፤ አፉን በገመድ አስሮ። ሱቋ የነደደባት ቀበሮ ግን ዛሬም በዚያ ባለፈች ቁጥር «ላቴስ?» ትላለች።

ከዚህ የምንማረው፣ በደህና ቀን በፍርሃት ሳይፈተሽ የታለፈ በር በክፉ ቀን በር እንደማይሆን ነው።