ኮርቻ ሰፊው አያ ጓሉ እና የሰባት ወሯ ሪፐብሊክ

አያ ጓሉ ተናገረው እየተባለ የሚወራው ሁሉ የራሱ ነው፤ ከመስቀያ ገመድ ካተረፈችው ከአንዷ ንግግር በቀር። የዚያችን ንግግር እውነተኛ ተናጋሪ እትዬ አመለወርቅ ብቻ ያውቃሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያወራትና ሲስቅ፣ እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ዝም አሉ። ዘንድሮ ግን ተናገሩ።

የወይና አምባን ሪፐብሊክ ያቋቋማት የውጭ ጦር ነው። ፊታውራሪ ድረስ የሚባሉ የአገሩ ሰው ፕሬዚዳንት ተባሉ፤ ከሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡት ዓይን አፋሯ አመለወርቅም የጦሩ አዛዥ የኮሎኔሉ አስተርጓሚ ሆኑ።

ባንዲራ የተሰቀለ ቀን፣ የሪፐብሊኳ ጨርቅ ከፈረንጆቹ ባንዲራ ሥር ተንጠለጠለ። ፕሬዚዳንቱ «ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ነን! እልል በሉ!» አሉ። አያ ጓሉ ወደ ኮሎኔሉ ዞሮ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ነፃ ነን ይሉናል፤ ፈቅደዋል?»

ምርጫም ሆነ። ተወዳዳሪው አንድ፣ ሳጥኑ አንድ፣ ዘበኛው ሃያ። «አንተ አፈኛ፣ መረጥከኝ ወይስ አልመረጥከኝም?» ብለው ፕሬዚዳንቱ ሲጠይቁት፣

«ምን ብዬ እክዳለሁ ጌታዬ? ገና ከቤቴ ሳልወጣ ዘበኞችዎ ‹መርጠሃቸዋል› አሉኝ።»

ፕሬዚዳንቱ ለበቅሏቸው፣ ለሹመታቸው የሚመጥን ኮርቻ አዘዙት። አያ ጓሉ መለኪያ ገመዱን ይዞ መጣ፤ በቅሎዋን አልፎ የፕሬዚዳንቱን ጀርባ ይለካ ጀመር። «ምን ታደርጋለህ?» ብለው ጮኹ።

«የሚጋለበውን እየለካሁ ነዋ!»

ይህችን አልማሯትም። ሦስት ቀን ተገርፎ፣ አፉ አብጦ ችሎት ቀረበ። ዳኛው ራሳቸው ፕሬዚዳንቱ ናቸው። ኮሎኔሉ አልመጣም፤ አመለወርቅን ቃል እንዲይዙለት ልኳቸዋል።

«ዋስ ጥራ! ካልጠራህ ዛሬውኑ ትሰቀላለህ!»

ከሕዝቡ አንድ ሰው አልተነቃነቀም። አያ ጓሉ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ግን አልወጣም።

«ምን ይላል? አንቺ፣ ጠጋ በይና ሰምተሽ ንገሪን!»

አመለወርቅ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ አፉ አስጠጉ። አያ ጓሉ ያለው አንዲት ቃል ብቻ ነው፦ «ውሃ»።

ያን ዕለት ጧት ለኮሎኔሉ የመጣለትን ቴሌግራም ያነበቡት እሳቸው ናቸው፤ ጦሩ በሦስት ቀን ውስጥ አገሩን ለቆ ይውጣ ይላል። ለፕሬዚዳንቱ የነገራቸው የለም። አመለወርቅ በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ቀና አሉ።

«‹እኔስ ዋስ አላጣም፤ የእርስዎ ዋስ ግን ጓዙን እየጫነ ነው› ይላል።»