ኩሬዋን ያጠራችው ቀዛፊ

አንድ ጊዜ በሰፊ ሜዳ መካከል የነበረች ኩሬ ተበከለች። ከላይኛው መንደር የሚወርደው እድፍ እየተጠራቀመባት ውሃዋ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ የጠጡ ዳክዬዎች መብረር አቅቷቸው ዳር ዳሩን ይወድቁ ጀመር። በሜዳው የምትግጥ የአንዲት አህያም ውርንጭላ ሆዱን ታሞ ከተኛበት መነሣት አልቻለም። የተመቻት እመት ቀበሮ ብቻ ነበረች፤ የወደቁትን ዳክዬዎች ያለ ሩጫ እየለቀመች ትበላለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት መሐንዲስ ከመንደሩ ሽማግሌ ጋር ወደ ኩሬዋ ወረደች። ከያዘችው ሣጥን ውስጥ መዳፍ የምታህል ሮቦት አወጣች። በውሃ ላይ የምትዋኝ ጢንዚዛ አስመስላ ሠርታታለች፤ ሁለት እግሮቿ መቅዘፊያ ናቸው።

«ባትሪዋ ሲያልቅ ማን ይቀይርላታል?» አሉ ሽማግሌው።

«ባትሪ የላትም፣ አባባ። ቆሻሻውን ትውጣለች፤ ከዋጠችው ጉልበት ታገኛለች፤ በዚያ ጉልበት ቀዝፋ ሌላ ቆሻሻ ትፈልጋለች።»

ዳር ላይ ሣር ትነጭ የነበረችው አህያይቱ ይህን ሰማች።

ሮቦቷ ስትውጥና ስትቀዝፍ ሳምንታት አለፉ። ውሃው ጠራ። ውርንጭላው ቆሞ መጥባት ጀመረ። ዳክዬዎቹም ቀበሮ ስትቀርባቸው ብድግ ብለው ይበራሉ። ቀበሮ ከሳች። ነገሩ ከየት እንደመጣ ገብቷታል፤ ግን ውሃ ውስጥ መግባት አትወድም። ስለዚህ አያ ጅቦን ፈልጋ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ቀኑን ሙሉ ስትበላ የምትውል፣ ሆዷ የማይጎድል ፍጥረት አየሁ።»

«የት?»

«ኩሬው ላይ። እሷን የበላ ሆዷ ውስጥ ያለውንም በላ ማለት ነው።»

ጅቦ ትንሽ አሰበ። «አጥንት አላት?»

«አጥንቷማ ከላይ ነው» አለች ቀበሮ።

ጅቦ ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ኩሬው ዳር ሲደርስ አህያይቱ ፈራ ተባ እያለች ከሩቅ ተጣራች።

«አያ ጅቦ፣ ተዋት። ሥጋ የላትም። ልጄ የዳነው በእሷ ነው።»

«ታዲያ ምን ስትበላ ትውላለች?»

«ቆሻሻ።»

«ለራስሽ ልታስቀሪያት ነው እንጂ» አለና እስከ አንገቱ ገብቶ ሮቦቷን ሳያላምጥ ዋጣት።

ሮቦቷ ግን አልቆመችም። የጅብ ሆድ ውስጥ ያለው ከኩሬው የባሰ ነበርና ጉልበት አላጣችም። ጅቦ የዋጠውን እሷ ትውጥበታለች፤ ከዚያም ሆዱን እየቧጠጠች ትቀዝፋለች። ጅቦ ቢበላ የማይጠግብ ሆኖ ቀረ።

ኩሬዋ በወሩ ተመልሳ አረንጓዴ ሆነች። ዳክዬዎቹ በዚህ ጊዜ ሕመሙ እስኪጥላቸው አልጠበቁም፤ ወደ ሩቅ ወንዝ በረሩ። ቀበሮ እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ላይ ያቆረ የዝናብ ውሃ ትጠጣ ነበር። በጋው ሲበረታ እሱም ደረቀና ከኩሬዋ ጠጣች።

አህያይቱ ውርንጭላዋን አስከትላ አገር ስትለቅ ቀበሮን ዳር ላይ ተዘርራ አገኘቻት።

«እመት ቀበሮ፣ ምን ሆንሽ?»

«ሆዴን።»

«ወንዙ የሁለት ቀን መንገድ ነው። መራመድ ከቻልሽ አብረን እንሂድ።»

ቀበሮ ለመነሣት ሞከረች፤ እግሮቿ አልታዘዟትም። አህያይቱ ጥቂት ጠበቀቻት። ፀሐይ እየከረረች ስትመጣ ግን ውርንጭላዋን ይዛ መንገድ ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌሎች ሕመም ለመጠቀም ብሎ የጋራውን ውሃ የሚያስበክል፣ እሱም ከዚያው ውሃ የሚጠጣበት ቀን እንደሚመጣ ነው።