ፈልፍልና የቀረችው መስመር

ዕውቀቱን የሚሰስት ሰው ሲያጋጥማቸው፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። ብዙው ሰው ከጥንት የወረደች ይመስለዋል። ኧረ ወዲያ! የተወለደችው በቅርቡ፣ ሆስፒታል ወረፋ ላይ ነው፤ ሰበቡም አጥናፉ ነው።

አጥናፉ ለሆስፒታሎች ፕሮግራም በሚሠራ ቢሮ አሥራ ሦስት ዓመት ያገለገለ ባለሙያ ነበር። «ፈልፍል» የምትባለዋን መሣሪያ የፈጠራት እሱ ነው። ፕሮግራም ሲበላሽ ፈልፍል ባለበት ቀጥ አድርጋ ታቆመውና ስሕተቱ የት እንደተወሸቀ ታሳያለች። እንደ እሱ የሚያውቃት አልነበረም። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር «አጥናፉን ጥሩት!» ይባላል፤ እሱም እጅጌውን እየሰበሰበ ቀስ ብሎ ይመጣል። ያቺ ቀስ ማለት ነፍሱ ነበረች።

ኋላ ቢሮው ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስገባ፤ ኮድ በራሳቸው የሚያነቡና የሚያርሙ፣ «ወኪል» የሚሏቸውን። ወር ሳይሞላ «አጥናፉን ጥሩት» ቀርቶ «ወኪሉን ጠይቁት» ሆነ። አጥናፉን ቅናት አንጀቱን በላው። በሰው ቢቀና ወግ ነው፤ እሱ የቀናው እኮ ምሳ በማይበላ ነገር ነው! ወኪሉ የሠራውን እያነበበ ስሕተት ይፈልጋል፤ ሲያጣ ደግሞ ይብስበታል።

በዚህ ላይ አለቃው ወይዘሮ ስንዱ ጠሩት።

«አጥናፉ፣ ወኪሎቹ በፈልፍል እንዲሠሩ መመሪያ ጻፍላቸው። ወኪል እንደኛ ዞር ብሎ ጎረቤቱን አይጠይቅም፤ የተጻፈለትን ነው የሚያደርገው። ላንተ ግልጽ የሆነውንም ሳይቀር ጻፍ።»

«እሺ» አለ። ሆዱ ግን «በገዛ እጄ ጉድጓዴን ልቆፍር?» አለ።

አያቱ የባህል መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ቅጠሉን ለማንም ያሳያሉ፤ ሥሩን ሲነቅሉ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። አጥናፉም የአያቱን አደረገ። አሥራ ስምንት ገጽ አሳምሮ ጻፈና አንዲት መስመር ተወ፦ «ስትጨርስ፣ ያቆምከውን ፕሮግራም ልቀቀው።» እሱ ሳያስበው፣ በልማድ የሚያደርጋት ነገር ናት። ሳይለቁት ከወጡ ፕሮግራሙ እንደቆመ ይቀራል። «ይደናቀፉ! ያኔ እግሬ ሥር ይመጣሉ» አለ ለራሱ።

«ሁሉንም ጻፍከው?» አሉት ስንዱ።

«አንድ ሳላስቀር!»

በሳምንቱ ፈቃድ ወስዶ ታላቅ እህቱን እታፈራሁን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ይዟት ሄደ። ባለፈው ተራዋ ታማ ሳትመጣ ስለቀረች ፊቷ አብጧል፣ ትንፋሿም ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ወረፋው ግን ንቅንቅ አይልም። ነርሷ በመስኮት ብቅ አለችና «ሲስተም የለም!» አለች።

«የለም ማለት?»

«ቆሟል ወንድሜ። ለማን ምን እንደታዘዘ አይታይም። ሐኪሙ ደግሞ ትእዛዙን ሳያይ አይጀምርም።»

አጥናፉ ፕሮግራሙን ያውቀዋል፤ የእነሱ ቢሮ ሥራ ነው። ወዲያው ለስንዱ ደወለ።

«ጠዋት ወኪሉ በፈልፍል ስሕተት አግኝቶ አረመ» አሉት። «ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ደርቆ ቀረ። መመሪያህን ቃል በቃል ነው የተከተለው። ግራ ገባን፣ ና ድረስልን!»

ይኸው፣ ሲመኛት የኖረች ሰዓት መጣች። «አትንኩት፣ መጣሁ» ቢል ጀግና ሆኖ ይገባል። ቢሮው ግን ከተማው ማዶ ነው፤ በታክሲ ሰዓት ተኩል።

እታፈራሁ ክንዱን ያዘችው። «አጥኔ፣ አንተ የሠራኸው አይደል? አንተ እያለህማ አልሰጋም» አለችው፤ የመጨረሻዋን ቃል ለማውጣት ሁለት ጊዜ ተነፈሰች።

አጥናፉ ዓይኗን ማየት አቃተው። ስልኩ ላይ ጮኾ፣ «አንድ መስመር ቀርታለች! ስትጨርስ ያቆምከውን ፕሮግራም ልቀቀው በሉት! እኔ ነኝ የተውኳት፤ አውቄ ነው!» አለ።

«አውቀህ?» አሉ ስንዱ።

«አውቄ። ቀንቼ።»

መተላለፊያው በሙሉ ሰማው። ስንዱ መስመሯን ለወኪሉ ሊሰጡ ስልኩን ዘጉት። ጥቂት ቆይቶ ነርሷ «መጣ! ሲስተም መጣ!» አለችና እታፈራሁን ጠርታ አስገባቻት። አጥናፉ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

አጠገቡ ጋሽ ወርዶፋ የሚባሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን በመንገድ ሥራ ያሳለፉ ሽማግሌ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«ምን አድርገህ ነው ልጄ?» አሉት።

«መንገዱን ጻፍኩላቸው ጋሼ፤ ዋናዋን መሻገሪያ ግን ደበቅኳት። ዛሬ እህቴን ይዤ በዚያው መጣሁ።»

ጋሽ ወርዶፋ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «አይ ልጄ፣» አሉት፣ «ድልድይ የሸሸገ፣ ሲመለስ ይዋኛል።»